ኮዴይን ለእኛ «ቀለል ያለው» አይደለም

ጥርስ ስታስነቅሉ ወይም ሳል ሌሊቱን አላስተኛ ሲላችሁ፣ ሐኪሙ «ይሄ ቀለል ያለው ነው» ብሎ ኮዴይን ያለበት መድኃኒት ሊያዝላችሁ ይችላል። እንደተማረው ከሆነ አልተሳሳተም። ሲማር ግን ስለ እኛ ብዙም አልነገሩትም።

የምሠራው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው። አካባቢው ሐበሻ የበዛበት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ «እህቴ፣ እስቲ ይሄን አስረጅኝ» ስባል ነው የምውለው። ስለ ኮዴይን ግን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ ነኝ የምጀምረው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮዴይን ራሱ ሕመም የማስታገስ አቅሙ ትንሽ ነው። የሚሠራው ጉበት ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲቀይረው ነው። የሚቀይረው ኢንዛይም ሲዋይፒ ቱ ዲ ሲክስ (CYP2D6) ይባላል። ስሙ አስቀያሚ ነው፤ ቢሆንም ስልካችሁ ላይ ጻፉት። ብዙ ሰው ይህን ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን ሁለት ቅጂ አለው። አንዳንዱ ሦስትና ከዚያ በላይ ይዞ ይወለዳል። የዚህ ሰው ጉበት ኮዴይኑን ቶሎና በብዛት ሞርፊን ያደርገዋል። የዋጠው ክኒን ሌላው ሰው ከዋጠው ጋር አንድ ነው፤ ደሙ ውስጥ የሚገባው ሞርፊን ግን እጅግ ሊበልጥ ይችላል።

ታዲያ ይሄ ጂን የበዛው የት መሰላችሁ? እኛ ጋ። ዶክተር ኢሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በፈረንጆቹ 1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን ውስጥ 29 ከመቶው ከልክ በላይ ቅጂ ያላቸው ሆነው ተገኙ። በ2013 የአሜሪካው የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ ስለ ኮዴይን ባወጣው ማስጠንቀቂያ ላይም ይኸው ቁጥር በሰንጠረዥ ተቀምጧል። ለሰሜን አውሮፓውያን ከ1 እስከ 2 ከመቶ፤ ለኢትዮጵያውያን 29። ፈጣንነታችን ሩጫ ላይ ብቻ ይመስለኝ ነበር!

ኤፍዲኤ ያንን ማስጠንቀቂያ ያወጣው ዝም ብሎ አይደለም። ቶንሲል ወጥቶላቸው ኮዴይን የተሰጣቸው ሕፃናት ሞተው ነው። በ2017 ደግሞ አጠበቀው። ኮዴይንን ለሕመምም ለሳልም፣ በዚያው ኢንዛይም የሚቀየረውን ማስታገሻ ትራማዶልን ደግሞ ለሕመም፣ ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ መስጠት የለባችሁም። ከቶንሲል ቀዶ ሕክምና በኋላ ከሆነ እስከ 18 ዓመት ክልክል ነው። ለምታጠባ እናትም ሁለቱም አይመከሩም፤ በጡት ወተት ወደ ልጁ ያልፋሉ።

የምታጠባዋ ነገር በተለይ ያሳስበኛል። አራስ ቤት ሕፃን ብዙ ሲተኛ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። «እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው!» ገንፎው ይቀርባል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ልጁ ለጥ ብሎ ተኝቷል። እናቱ ቀዶ ሕክምና አድርጋ ኮዴይን ወይም ትራማዶል እየወሰደች ከሆነ፣ ለመጥባት እንኳ አልነቃ ያለ፣ ሰውነቱ የዛለ፣ ትንፋሹ የከበደው ሕፃን ጨዋ አይደለም። ለ911 ይደወልለታል።

ይሄ ሁሉ ማለት ሁላችንም እንዲህ ነን ማለት አይደለም። ብዙው ሐበሻ ኮዴይን ወስዶ ምንም አይሆንም። ግን ከሦስት ወይም ከአራት ሰው አንዱ ከሆነ «እኔ አይደለሁም» ብሎ መገመት አያዋጣም። ያን የጻፋችሁትን ስም ለሐኪሙ አሳዩትና «እኔ ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ይሄ ኢንዛይም እኛ ጋ ፈጣን ነው ይባላል፤ ሌላ አማራጭ አለ?» በሉት። የጂን ምርመራም አለ፤ በጉንጭ ምራቅ ይሠራል። ለጥርስ ሕመም ደግሞ ብዙ ጊዜ አይቡፕሮፌንና ታይለኖል አብረው ሲወሰዱ ይበቃሉ። ኩላሊት ወይም ጨጓራ ያለባችሁ አይቡፕሮፌኑን ከመውሰዳችሁ በፊት ጠይቁ።

አሁን ወደ ክኒን መዋዋሱ ልምጣ። አንዲት እናት በናፕኪን የተጠቀለሉ ነጭ ክኒኖች ይዘው መጡ። «ልጄ፣ ጎረቤቴ ናት የሰጠችኝ፤ ለጀርባዬ ነው። ስንቴ ልውሰደው?» አየሁት፤ ፐርኮሴት ነው።

«እማማ፣ ሌላ ምን ይወስዳሉ?»

«ምንም። ታይለኖል ብቻ። ማታ ማታ ደግሞ የእንቅልፏን።»

ፐርኮሴት ኦክሲኮዶንና አሴታሚኖፌን ነው። አሴታሚኖፌን ማለት ታይለኖል፣ እኛ ፓራሲታሞል የምንለው ነው። በላዩ ላይ ታይለኖል ሲጨመር ጉበት ላይ ተደረበ። ለጤነኛ አዋቂ የቀኑ ጣሪያ 4 ግራም ነው፤ እኔ ለአዛውንት ከዚያ ዝቅ እንዲል እመክራለሁ። የባሰው የእንቅልፏ ናት። ከእነ ዛናክስ ወገን ነበረች። ኦፒዮይድ (እንደ ኮዴይን፣ ኦክሲኮዶንና ሞርፊን ያለው ማስታገሻ) እና እንዲህ ያለው የእንቅልፍ መድኃኒት አብረው ትንፋሽ ያዳክማሉ። ሰውየው ሲያንኮራፋ ቤተሰቡ «ደክሞት ነው» ይላል፤ ከዚያ ማንኮራፋቱ ይቆማል። አረቄና ቢራም ያው ናቸው።

እማማን ክኒኑን የመድኃኒት መጣያ ሳጥናችን ውስጥ አስጣልኳቸው። ቅር አላቸው። ጎረቤትየዋ «ምን አደረግሽው?» ብትላቸው ምን ይመልሳሉ? ለእኛ መስጠት ፍቅር ነው፤ ይገባኛል። የተረፈውን ክኒን በሻንጣ ወደ አገር ቤት የሚልከውም በፍቅር ነው። ግን ቤት የተረፈ ክኒን ከቤተሰቡ ወጣቶች እጅም ይገባል። በዱባይ በኩል የምትሄዱ ደግሞ ልብ በሉ፤ ኮዴይንም ትራማዶልም ኤምሬትስ ውስጥ ቁጥጥር ያለባቸው ናቸው። የራሳችሁም ቢሆን አስቀድማችሁ ፈቃድ ማውጣት አለባችሁ።

«ለምን እንደ ሌባ ታዩናላችሁ?» የሚሉኝም አሉ። ፐርኮሴት በድጋሚ የማይሞላ፣ በየጊዜው አዲስ ማዘዣ የሚፈልግ መድኃኒት ነው። እኛም ከመስጠታችን በፊት የክፍለ ግዛቱን መዝገብ ከፍተን ከሌላ ቦታ ወስዳችሁ እንደሆነ እናያለን። ለሁሉም ነው፤ በአክሰንታችሁ አይደለም። አሜሪካ እዚህ የደረሰችው ተቃጥላ ነው። የመድኃኒት ኩባንያው ፐርዱ ፋርማ፣ ኦክሲኮዶን ያለበትን ኦክሲኮንቲንን በ1996 ገበያ ላይ ሲያወጣ ሱስ የማስያዝ አደጋው ትንሽ ነው እያለ ነበር የሸጠው። በ2007 የፐርዱ እህት ኩባንያ ስለ መድኃኒቱ በማሳሳት ጥፋተኝነቱን ፍርድ ቤት አመነ። እስከዚያ ግን ስንት ቤት ፈርሷል። የክኒኑ ቁጥጥር ሲጠብቅ ሰው ወደ ሄሮይን፣ ከዚያ ወደ ፌንታኒል ሄደ። በ2021 እና በ2022 በየዓመቱ ከ100,000 በላይ ሰው አሜሪካ ውስጥ በመድኃኒትና በአደንዛዥ ዕፅ ብዛት ሞቷል።

ከእኛም ልጆች አሉበት። እናቶች መደርደሪያው ጥግ ወስደው በሹክሹክታ ነው የሚያወሩኝ። «ፀበል ወስጄዋለሁ» ይሉኛል። ፀበሉንም ይውሰዱት፤ የኦፒዮይድ ሱስ ማከሚያውን ሱቦክሶንን ደግሞ ሐኪም ይዘዝለት፤ አይጣሉም። ከ2023 ጀምሮ ሱቦክሶን ለማዘዝ የተለየ ፈቃድ አያስፈልግም፤ የቤተሰብ ሐኪማችሁም ሊያዘው ይችላል። ኦፒዮይድ በዝቶበት ትንፋሹ የተዳከመን ሰው የሚመልሰው፣ በአፍንጫ የሚነፋው ናርካንም ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ቤት ውስጥ አንድ ይኑር። ከሰጣችሁት በኋላም 911 ደውሉ፤ የናርካኑ ኃይል ከኦፒዮይዱ ቀድሞ ሊያልቅ ይችላል። ለወራት በማዘዣ የወሰደ ሰውም በራሱ ጊዜ ድንገት እንዳያቋርጥ፤ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያውርድለት።

ይሄን ሁሉ አንብባችሁ ካንሰር ያለባቸውን አባታችሁን ሞርፊን እንዳትከለክሏቸው! ይሄንንም አይቻለሁ። «ሞርፊን ከተጀመረ አበቃለት ማለት ነው» እያሉ ክኒኑን ደብቀው ሰውየውን ሌሊቱን ሙሉ ያስቃትታሉ። ሞርፊን የሚሠራው ያን ፈጣን ኢንዛይም ሳይጠብቅ ነው፤ በዚህ በኩል ከኮዴይን ይልቅ የሚያደርገው ይታወቃል። ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2017 እንዳወጣው፣ በዓለም በዓመት ከሚከፋፈለው 299 ቶን ገደማ ሞርፊንና መሰል መድኃኒት ድሃ አገሮች የሚደርሳቸው 0.1 ቶን ብቻ ነው። አገር ቤት ስንቱ ታማሚ ሲያጣው፣ እዚህ ከመሳቢያ ውስጥ ደብቆ ሰው ማሠቃየት ምን ይባላል?

በታዘዘው ሰዓትና መጠን ስጧቸው። ሞርፊን ሆድ ያደርቃል፤ ሌሎቹ ጎጂ ጎኖቹ ብዙዎቹ በመልመድ ሲቀንሱ፣ ይሄ ግን በመልመድ አይጠፋም። ማለስለሻ አብሮ ካልታዘዘ ሐኪሙን ወይም እኛን በዚያው ቀን ጠይቁ።