የቤንዚን መክፈቻ ቅየራ፦ ነገሩ ሁሉ የጎማ ጉዳይ ነው

የሞተር ሳይክሌ፣ የያማሃዋ፣ ጥገና ቀጥሏል። ባለፈው የኋላ ፍሬኗን ጨርሼ ነበር። አሁን ተራው የቤንዚን መክፈቻው ነው፤ ከሳልባትዮው (ከቤንዚን ታንከሩ) ሥር ያለው፣ ቤንዚን የሚከፍተውና የሚዘጋው ባለ እጀታ ዕቃ። ባሕር ዳር ውስጥ እንደ እኔዋ በዕድሜ የገፋች፣ የድሮ ሁለት ስትሮክ ሞተር ሳይክል የያዛችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። የእናንተም ቀኗን ጠብቃ ማፍሰሷ አይቀርም። ስለዚህ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ምልክቱ ሽታ ነበር። ጠዋት ጠዋት ግቢው ቤንዚን ቤንዚን ይላል። ያማሃዋ የምታድረው በረንዳው ጥግ ነው። ጥቂት እርምጃ አለፍ ሲባል ደግሞ አከራዬ እማማ ከሰል አያይዘው ቡና የሚያፈሉበት ቦታ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል። ወደ ላይ ወጥቶ አይጠፋም፤ መሬት ለመሬት ይሳባል። ለመቀጣጠልም ሙቀት አይጠብቅም፤ ከዜሮ በታች በብዙ ዲግሪ እንኳ እሳት የሚይዝ ትነት ይሰጣል። የእኛን ከተማ ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ «ትንሽ ጠብ ጠብ ብትል ምን አለበት» የሚባል ነገር የለም። ያኔውኑ ገፍቼ ከአጥሩ ሥር አቆምኳትና ለእማማ ነገርኳቸው። «እኔ እኮ የባጃጆቹ ሽታ መስሎኝ ነው ልጄ» አሉ።

ዕቃ ከመግዛት በፊት ከየት እንደሚያፈስ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ይህን ይዘለውና ሱቅ ይሄዳል። ቤንዚን ግን ተንኮለኛ ነው። ላይ ያፈስና ብረቱን ተከትሎ ወርዶ ሌላ ቦታ ይንጠባጠባል። መክፈቻው ከሳልባትዮው ጋር የሚገናኝበት ጓርኒሲዮን ሊሆን ይችላል። እጀታው የሚዞርበት ሊሆን ይችላል። ሥሩ ያለችው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ክዳን ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም መክፈቻው ምንም ሳይሆን ጎማው፣ ማለትም ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቀልበት ካርቡሬተር የሚወርደው ቱቦ ጫፉ ላይ ተሰንጥቆ ይሆናል።

እኔ ያደረግሁት ይህን ነው። ሁሉንም በጨርቅ ጥርግ አድርጌ አደረቅሁና የተፈጨ ነጭ ጠመኔ ነሰነስኩበት። ጠመኔ ቤንዚን ሲነካው ወዲያው ይጠቁራል። ከዚያ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው። መጀመሪያ የጠቆረው እጀታው ዙሪያ ነበር። ከሳልባትዮው ጋር የሚገናኝበት ደረቅ እንደሆነ ቀረ።

ሁለተኛው ፍተሻ የተደበቀውን መፍሰስ ያወጣል። እጀታውን ዘግታችሁ ቱቦውን ከካርቡሬተሩ ንቀሉና ጫፉን ባዶ ሃይላንድ ውስጥ ክተቱት። መክፈቻው ጤነኛ ከሆነ በቱቦው ውስጥ የቀረው ይወርድና ያቆማል። የእኔው ዝግ ሆኖም መንጠባጠቡን ቀጠለ። ይህ ከውጭ ከሚታየው ይልቅ ያሳስበኛል። ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችው፣ ሲሞላ ቤንዚኑን የምትዘጋው መርፌ ካረጀች ያ ቤንዚን ሌሊቱን ሙሉ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። ሁለት ስትሮክ ላይ የሞተሩ ሆድ ቤንዚን ይሞላና ጠዋት አልነሳም ትላለች። አራት ስትሮክ ላይ ደግሞ ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል። የቀጠነ ዘይት ሞተር ይበላል። የዘይት መለኪያችሁ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ሳታስነሱ በፊት ዘይቱን ቀይሩ።

ቤንዚኑን የቀዳሁት ውጭ ሜዳ ላይ፣ በቀን ብርሃን፣ ስልኬን ቤት ትቼ ነው። አብዛኛው ወደ ጀሪካን ገባ። የመጨረሻዋን ግን ሆን ብዬ በሚያሳይ ሃይላንድ ተቀበልኳት። ከሥሩ ውሃ ነበር፤ እየተንከባለለ ከቤንዚኑ ጋር የማይቀላቀል፣ የዛገ ቡኒ ደለል የያዘ ውሃ። የሐይቅ ዳር ኑሮ ነው። ሳልባትዮው ግማሹ ባዶ ሆኖ ሲቆም ቀን የሞቀው አየር ይወጣል፤ ሌሊት እርጥብ አየር ይገባና ግድግዳው ላይ ላብ ይሆናል። በጀሪካን የተገዛ ቤንዚን ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። ሪዘርቭ፣ ማለትም የመጠባበቂያው መንገድ፣ የሚጠባው ደግሞ ከታች ነው።

መክፈቻውን የያዙት ሁለት ቡሎኖች ናቸው። የእኔዎቹ 10 ቁጥር ቁልፍ ይወስዳሉ። ሲወጣ ላዩ ላይ ባለ ወንፊት ቱቦ ታያላችሁ። አሠራሩ ቀላልና ብልህ ነው። ረጅሙ ቱቦ ለወትሮው መንገድ ነው፤ ቤንዚኑ ከእሱ ጫፍ በታች ሲወርድ መምጣት ያቆማል። ሪዘርቭ ሥሩ ባለው ቀዳዳ የተረፈውን ይስባል። ሌላ ልዩ ሳልባትዮ የለም።

የእጀታው ፊት በሁለት ትንንሽ ብሎኖች ይፈታል። ውስጡ የተጣመመች ቀጭን ስፕሪንግ፣ ከዚያ እጀታው፣ ከዚያ ባለ ቀዳዳ ክብ ጎማ አለ። መክፈትና መዝጋቱን የሚሠራው ያ ጎማ ብቻ ነው። የእኔው ጥፍር የማይገባው ድንጋይ ሆኗል። በአንዱ ቀዳዳና በሌላው መካከል ያለችው ቀጭን ድልድይ ተሰንጥቃለች፤ ዝግ ሆኖ የሚንጠባጠበው በእሷ በኩል ነው። እንዲህ ያለ ጎማ ቤንዚን ውስጥ ሲኖር ብዙም አይጎዳም። ረጅም ጊዜ ቆሞ ሲደርቅ ነው የሚኮማተረውና የሚሰነጠቀው። ያማሃዋ እኔ እጅ ከመግባቷ በፊት ለረጅም ጊዜ ቆማ ነበር። እጀታው የሚቀመጥበት የብረት ፊትም በዝገት ደለል ተጫጭሯል። ስለዚህ ጎማ ብቻ መቀየሩን ትቼ ሙሉውን ለመቀየር ወሰንኩ።

ገበያ ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። «የያማሃ መክፈቻ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። መጀመሪያ የተሰጠኝ የቡሎኖቹ ርቀት ከመሐል እስከ መሐል 44 ሚሊ ሜትር ነበር፤ የእኔው 34 ነው። ዓይን አይለየውም፣ ማስመሪያ ይለየዋል። የቱቦው አፍ የሚዞርበትን አቅጣጫም እዩ። አንድ ተጨማሪ ቀጭን ቱቦ የሚቀበል ዓይነት ከተሰጣችሁ መልሱት፤ እሱ በሞተሩ አየር ስበት የሚከፈት ነው። እጀታው በብሎን ሳይሆን በተቀጠቀጠ ሚስማር የታሰረውንም አልመክርም። ነገ ጎማው ሲያረጅ አይፈታም።

አዲሱንም ሳልገጥመው በፊት ፈታሁት። ጎማው ላይ ከቀዳዳው ጫፍ የተንጠለጠለ ትርፍ ነበር፤ በምላጭ አነሳሁት። ከሳልባትዮው ጋር የሚያገናኘው ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) ግን ቀጭን ሆኖ ከጎድጓዳው በላይ ብዙም አልወጣም። እሱ ነው ወደ ጋራዥ የወሰደኝ።

«ጋሼ፣ ይቺ ለብቻዋ ትገኛለች?» ብዬ ጠየቅሁ። ጋሼ ሥራቸውን የሚያውቁ የሞተር ሳይክል ሠራተኛ ናቸው፤ ብዙ ነገር ያስተማሩኝ። «ምን አደከመህ፣ ከካላማዳሪያ ቆርጬ አስገባልሃለሁ» አሉኝ። ሁላችንም የምናውቀው መፍትሔ ነው። እኔ ግን ቁራጯን ተቀብዬ ቤት ወሰድኳት። በወረቀት ላይ አስቀምጬ ዙሪያዋን በቀጭን እስክሪብቶ አሰመርኩ። ከአዲሱ መክፈቻ የወጣውንም ኦሪንግ እንዲሁ። ከዚያ ሁለቱንም ቤንዚን ባለበት የማርማላታ ብልቃጥ ውስጥ ከትቼ ክዳኑን ዘግቼ ውጭ አሳደርኩ።

በማግስቱ የካላማዳሪያዋ ቁራጭ ከመስመሯ ወጥታ ተርፋለች። አብጣለች። በጥፍሬ ስጫናት እንደ ራሰ ዳቦ ትደረመሳለች። ኦሪንጉ መስመሩ ላይ ልክ ተቀመጠ። ምክንያቱ የጎማው ዓይነት ነው። የካላማዳሪያ ጎማ አየር ለመያዝ የተሠራ ነው፤ ቤንዚን ይመጠውና ያብጣል። ለነዳጅ የሚሆነው ናይትራይል የሚባለው ነው። ያበጠ ጎማ መጀመሪያ ላይ ጥሩ ይይዛል፤ ሰው የሚታለለውም ለዚህ ነው። በኋላ ይላላል፣ ይበጣጠሳል፣ ፍርፋሪው ካርቡሬተር ውስጥ ይገባል።

ቁራጯን ለጋሼ ወስጄ አሳየኋቸው። ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና «የመስኖ ፓምፕ ዕቃ የሚሸጡት ዘንድ ሂድ» አሉ። ጥሩ ምክር ነበር። ጣና ዙሪያ ያለው ገበሬ በቤንዚን ፓምፕ ስለሚያጠጣ ለነዳጅ የሚሆን ኦሪንግ በየመጠኑ ይገኛል። ወፈር ያለውን ገዛሁ።

ስለ ሲሊኮን ማሸጊያ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። ተራው ሲሊኮን ቤንዚን ውስጥ ይላቀቃል፤ ተዉት። የልብስ ሳሙና ግን ይሠራል፤ ቤንዚን ሳሙናን አያሟሟምና። መንገድ ላይ ሳልባትዮ ቢቀደድባችሁ ደረቅ ሳሙና እሽት አድርጋችሁ ቤት ትደርሳላችሁ። ቤት ለመድረስ ብቻ ነው ታዲያ።

ሳልባትዮው ዝገት እያለ አዲስ መክፈቻ መግጠም ብክነት ነው። ደለሉ አዲሱን ጎማ ይፈጨዋል። አቼቶ ሞላሁበት፣ ጥቂት ዳዶዎች ጨምሬ አሳድሬ ናጥኩት። ዳዶዎቹን ቆጥራችሁ አስገቡ፣ ቆጥራችሁ አውጡ። ከዚያ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ አለቅልቄ፣ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቄ፣ ወዲያው ዘይት የነካው ቤንዚን አንከባለልኩበት። እርጥብ ትታችሁት ከሄዳችሁ በሰዓታት ውስጥ ተመልሶ ይዝጋል።

ገጠማው አጭር ነው። ኦሪንጉን ቀባ አድርጌ አስቀመጥኩ። ቡሎኖቹን በየተራ፣ ግማሽ ግማሽ ዙር እያልኩ አጠበቅሁ። የመክፈቻው አካል ለስላሳ ቅይጥ ነው፤ ጉልበት ከበዛ ፊቱ ይጣመማል፣ ያኔ የትኛውም ጎማ አያድነውም። በአንዳንድ ሳልባትዮ የቡሎኑ ቀዳዳ እስከ ውስጥ ይዘልቃል። ስለዚህ ከቡሎኑ ራስ ሥር ያለችውን የፋይበር ዋሸር አትጣሉ። ቱቦውንም ቀየርኩ። ርካሹ ግልጽ የውሃ ቱቦ ሲገጠም ያምራል፤ ብዙ ሳይቆይ ግን ቢጫ ይሆንና ይደርቃል፣ ጫፉ ላይ ይላላል። ለነዳጅ የተሠራውን ጥቁሩን ውሰዱ። ፊልትሮ ከጨመራችሁ ባለ ወንፊቱን ምረጡ። እኛ ጋ ቤንዚኑ የሚወርደው በክብደቱ ብቻ ስለሆነ ለመኪና የሚሆነው የወረቀት ፊልትሮ ያፍነዋል።

ከዚያ ፍተሻ። ጠመኔውን ደግሜ ነሰነስኩ፤ ነጭ ሆኖ አደረ። ቱቦውን ሃይላንድ ውስጥ ከትቼ ዘጋሁ፤ ደረቅ። ከፈትኩ፤ ሳይቆራረጥ ወረደ። የሳልባትዮውን ክዳን ስዘጋው ግን ፍሰቱ እየቀጠነ ሄደ። ያ የመክፈቻው ጥፋት አይደለም። ክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ቀዳዳ በአቧራ ተደፍናለች። በቀጭን ሽቦ ከፈትኳት።

እሁድ በአዲሱ የዓባይ ድልድይ ወደ ዓባይ ማዶ ተሻግሬ ተመለስኩ፤ ከዚያ ወደ በዛዊት። ዳገቱን የመረጥኩት ስታዘነብልና ጋዝ ሲበዛባት ቤንዚን ያጥራት እንደሆነ ለማየት ነው። አላጠራትም። ላይ ስደርስ እጄን ከመክፈቻው ሥር አሳለፍኩ፤ ደረቅ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለ። የአዲሱ ረጅም ቱቦ ከአሮጌው ስለሚረዝም ወደ ሪዘርቭ የምትገባው ቀድማ ነው። ስትደናቀፍ ሰው እንዳይደነግጥ። እኔ እንዲያውም ወድጄዋለሁ፤ ለቤንዚን ሰልፍ ሰፋ ያለ ጊዜ ይሰጣል።

የቀረኝ የካርቡሬተሩ መርፌ ነው። አሁን እጀታውን በየማታው ስለምዘጋ አያስቸግርም፤ ክፍት ስትቆም ግን ከትርፍ መውጫው ቱቦ ጠብ ማለቷን አይቻለሁ። ጫፏ ላይ ቀለበት የመሰለ የመበላት ምልክት ካለ መርፌዋና መቀመጫዋ አብረው ይቀየራሉ። ባሕር ዳር ውስጥ ሁለቱን አንድ ላይ ያገኘ ካለ መጠኑን ጽፎ ይንገረኝ።