አፏን ስትፈታ

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ልጄ የቀን እንቅልፏን ተኝታለች። አባቷ ሌሊቱን ሲነዳ ስላደረ እሱም ተኝቷል። ቤቱ ጭር ሲል አምና የሆነው ነገር ትዝ አለኝ።

ሁለት ዓመት ስትሞላ እዚህ አሜሪካ የሕፃናት ሐኪሙ «ስንት ቃል ትናገራለች?» አለኝ። በጣቴ ቆጠርኩ። ሞር፣ ኖ፣ አፕ፣ ባይ... ሰባት ላይ አለቀብኝ። በዚህ ዕድሜ 50 ቃል ገደማ እንደሚጠበቅ፣ ሁለት ቃል ማጋጠምም መጀመር እንዳለባት ነገረኝ። ቤት ውስጥ በምን እንደምናወራ ጠየቀኝ፤ አማርኛ አልኩት። «ተምታቶባት ይሆናል፤ ለጊዜው እንግሊዝኛ ብቻ ይሁን» አለ። ሰውዬው ክፋት የለበትም። እሺ ብዬ ወጣሁ። ያን ዕለት የአማርኛ ቃሎቿን ለምን እንዳልቆጠርኩ እስካሁን ይገርመኛል።

አምስት ወር በእንግሊዝኛ አሳደግኳት። የኔ እንግሊዝኛ ደግሞ የሥራ ነው። ደንበኛ አስተናግድበታለሁ፣ ፎርም እሞላበታለሁ፤ ልጅ ማባበል ግን አይሆንልኝም። አልበላም ስትል «በሞቴ» የሚለውን በምን ልተካው? «አፈር ስሆን» ተተርጉሞ ጎረቤት ቢሰማው ፖሊስ ይጠራል። እናም ዝም ብዬ አጎርሳት ጀመር። እሹሩሩም ቀረ፣ ተረትም ቀረ። ብዙ ቃል እንድትሰማ ብለን የጀመርነው ነገር ጭራሽ ቤቱን ዝም አሰኘው።

አማቴ ደግሞ ከአዲስ አበባ በቫይበር «ተይ አታስጨንቂያት፣ አባቷም ሦስት ዓመት ሞልቶት ነው አፉን የፈታው» ይሉኛል። ደስ ይላል ሲሰማ። ግን ዝም ብሎ መጠበቅም ልክ አልነበረም።

መንገዱን ያሳየችኝ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ናት። አሜሪካ ውስጥ ከሦስት ዓመት በታች ላለ ልጅ የዕድገት ምርመራው ነጻ ነው፤ የሐኪም ደብዳቤም አያስፈልግም፣ ወላጅ ራሱ ደውሎ መጠየቅ ይችላል። እኛ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነን፤ ምርመራውን ለሚሰጡት ደወልኩ፣ ከአስተርጓሚ ጋር ቤት ድረስ መጡ። መጀመሪያ ጆሮዋ መታየቱን ጠየቁ። ታይቶ ደህና ነበር። ከዚያ ቃሎቿ እንደ አዲስ ተቆጠሩ፣ በሁለቱም ቋንቋ። እምቢ፣ ጡጦ፣ ዳቦ፣ ቡቡ። «ውሃ» እና «ዋተር» እንደ ሁለት ቃል ተያዙ። 31 ሆኑ።

ከመጡት አንዷ፣ የንግግር ሕክምና ባለሙያዋ (ስፒች ቴራፒስቷ)፣ ሁለት ቋንቋ መስማት ልጅን እንደማያዘገይ ነገረችኝ። እውነተኛ ችግር ካለ በሁለቱም ቋንቋ ይታያል አለች። የኔ ልጅ ላይ በሁለቱም ታየ። 31 ያው ከ50 በታች ነው፣ እሷ ደግሞ ያኔ ሁለት ዓመት ተኩል ሊሆናት ነው። ስለዚህ ቴራፒ ተጀመረ፤ አማርኛውም ወደ ቤቱ ተመለሰ።

አንድ ያሳቀኝ ነገር አለ። ልጄ «ጡጦ» ለማለት «ቱቶ» ትላለች። ቴራፒስቷ ልዩነቱ አልሰማ አላት፤ እንግሊዝኛ ጠ የለውም። «ጠ»ን፣ «ቀ»ን፣ «ጨ»ን እያልኩ አሳየኋት። «ቀ»ን ስትሞክር አሳላት። አዲስ አበባ ያለችው የእህቴ ልጅም በዚያ ዕድሜዋ ቆሎን «ኮሎ» ትል እንደነበር ነገርኳትና ጻፈችው።

አሁን ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሆናለች። ከእኩዮቿ አሁንም ትንሽ ወደኋላ ናት፣ ቴራፒውም አልቆመም። ግን ትናንት «ማሚ፣ ሹዜን አውልቂልኝ» አለችኝ። ሰው ሲሰማት ቋንቋ ተቀላቀለባት ይላል። እኔ የሰማሁት «ሹዝ» ላይ የአማርኛውን «-ኤን» በትክክል መግጠሟን ነው። ማን አስተማራት? ደግሞ እኛስ «መኪናዬን ፓርክ ላድርግ» እያልን አይደል የምንውለው?

የቀረን ችግር አንተና አንቺ ነው። ብዙውን ጊዜ ከእኔ ጋር ስለምትሆን የምትሰማው ነይ፣ ብይ፣ ተኚ ብቻ ነው። ስለዚህ ለእሷ ሰው ሁሉ ሴት ነው። ቤተ ክርስቲያን ቄሱን «ነይ» ብላቸው ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ወድጄ ነበር። እሳቸው ግን ሳቁ።

ይኸው፣ ነቃች። መኝታ ቤት ገብታ «አባዬ፣ ተነሺ!» እያለች ነው።

«ተነሳሁ» ይላታል፤ አልተነሳም።