የማጂድ አባት የት ነው ያለው?

ማልያውን ያገኘችው አክስቴ ናት። አትላንታ አጠገብ ክላርክስተን እቤቷ በገባሁ ምሽት ልብሴን ልትሰቅልልኝ ሻንጣዬን ከፈተችና ነጩን ባለ 10 ቁጥር ማልያ፣ ቁምጣውንና ረጅሙን ካልሲ እያወጣች አልጋው ላይ ዘረጋቻቸው።

«ስብሰባ አለብኝ አይደል ያልከኝ? ኳስ ልትጫወት ነው እንዴ የመጣኸው?»

ስብሰባ ማለቴ ውሸት አልነበረም። ድራጎን ኮን በአውሮፓውያኑ ከ1987 ጀምሮ አትላንታ ላይ የሚካሄድ የአድናቂዎች ስብሰባ ነው። የሳይንስ ልብ ወለድ፣ የኮሚክ፣ የጌም፣ የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ወዳጅ የተባለ ሁሉ በአሜሪካኖቹ የሠራተኞች ቀን ሰሞን መሀል ከተማው ላይ ይከማቻል። ለአክስቴ ሳልነግራት የቀረሁት ከ60 ሺህ በላይ ሰው እንደሚመጣና ብዙው እንደኔ የሚወደውን ገጸ ባሕርይ ልብስ ሊለብስ ይዞ እንደሚመጣ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የሞላው ሰው፣ ገና ሚስት ያላገባ፣ ይህን ለአክስቱ ከየት ጀምሮ ያስረዳል? «የልጆች ፊልም ላይ ያለ ልጅ ልብስ ነው» አልኳት። ማልያውን አየት አደረገችው፣ እኔን አየት አደረገችኝ፣ አጠፈችና መለሰችው።

«ይሁን። ነገ ግን ተክለ ሃይማኖት ነው። ሳትሳለም የትም አትሄድም።»

ነገሩ የሚጀምረው ጉለሌ ነው። በ1994 ዓ.ም. ገደማ ጎረቤታችን ጅዳ ሠርተው ሲመለሱ ዲሽ ይዘው መጡ፤ ለሰፈራችን የመጀመሪያው ነበር። እሳቸው የሚከፍቱት ለዜና ነበር። እኛ ልጆቹ ሪሞቱን ስንነካካ ስፔስቱን የሚባል የዐረብኛ የልጆች ጣቢያ አገኘን። ጣቢያው ፊልሞቹን በፕላኔት ይከፍላቸው ነበር፣ የጀብዱ ፕላኔት፣ የስፖርት ፕላኔት እያለ። ካፒቴን ማጂድ የሚባለው የኳስ ካርቱን ያለው ስፖርቱ ላይ ነው። ማጂድ በትውልዱ ጃፓናዊ ነው፤ ዮይቺ ታካሃሺ በአውሮፓውያኑ 1981 በኮሚክ መጽሔት የጀመረው ካፒቴን ፁባሳ። ዐረቦቹ ፁባሳን ማጂድ፣ ኃይለኛውን ተቀናቃኙን ሂዩጋን ባሳም፣ በረኛውን ዋሊድ ብለው ሰየሟቸው። ሜዳው ማለቂያ የለውም። ማጂድ ኳስ እየነዳ ሲሮጥ የባላጋራው ጎል ከአድማስ ወዲያ እንደ ፀሐይ ቀስ ብሎ ብቅ ይላል። የተመታችው ኳስ መረብ ሳትነካ ክፍሉ ያልቅና ለነገ ይቀጠራል።

ዐረብኛ አንድም ቃል አንችልም። ተርጓሚያችን እሳቸው ነበሩ፤ ጓዳ ሆነው ቡና እየቆሉ፣ ሽንኩርት እየከተፉ፣ ጆሯቸውን ብቻ ሳሎን ትተው።

«እትዬ፣ ባሳም ምን አለ?»

«እናቴን ሳልጦር አልሸነፍም አለ።»

«የማጂድ አባትስ የት ነው ያለው? ለምን አይመጣም?»

«ጅዳ ነው። ኳሷንም የላከለት እሱ ነው። በሉ አትረብሹ!»

አመንን። ለምን አናምንም? የሰፈሩ ግማሽ ልጅ ወይ አባቱ ወይ እናቱ ዐረብ አገር ነበሩ። የኔም እናት እዚያው ጅዳ ነበረች። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የቱርክ ድራማ በአማርኛ ማሰማት ሳይጀምር ከአሥር ዓመት በላይ ቀድሞ ጉለሌ የራሷ ቃና ነበራት። የፍጻሜውን ጨዋታ ብቻ ነው ሳናይ የቀረነው። ማጂድ ትከሻውን ተጎድቶ፣ ባሳም እየፎከረ፣ ሠላሳ ልጅ ምንጣፍ ላይ ትንፋሹን ውጦ፣ መብራት ሄደ። ሲመጣ ሌላ ፊልም ተጀምሯል።

አርብ፣ ነሐሴ 24፣ ቁምጣውን በሱሪ፣ 10 ቁጥሩን በአክስቴ ነጠላ ሸፍኜ ተሳልሜ ወጣሁ። የአክስቴ ባል ኢንዲያን ክሪክ ባቡር ጣቢያ አወረደኝ። 2 ዶላር ከ50 ከፍዬ በሰማያዊው መስመር ፋይቭ ፖይንትስ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን የሚሄደውን ይዤ አንድ ጣቢያ፦ ፒችትሪ ሴንተር። ጣቢያው ከምድር በታች ዐለት ተፈልፍሎ የተሠራ ነው፤ ግድግዳውን አልለሰኑትም፣ ድንጋዩ እንደ ተፈነቀለ ቆሟል። ወደ ላይ የሚያወጣው ተንቀሳቃሽ ደረጃ ወደ 58 ሜትር ይረዝማል። ከፊቴ ከነክንፏ የቆመች ሴት ነበረች። ክንፉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስለደረሰ ማለፍ አይታሰብም። ከኋላዬ የተሰለፈው ሁሉ፣ ሻንጣ የያዘ የቢሮ ሰው ጭምር፣ ዝም ብሎ በክንፉ ፍጥነት ወጣ።

ላይ ሲደረስ አምስት ትልልቅ ሆቴሎች ናቸው፤ ከፊሎቹን ከመንገድ በላይ የተዘረጉ የመስታወት ድልድዮች ያገናኟቸዋል። ሁሉም ውስጥ አዳራሽ፣ ሁሉም አዳራሽ ውስጥ ውይይት አለ፣ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት አልፎ። ሥራውን የሚሠሩት ራሳቸው አድናቂዎቹ ናቸው፣ በነጻ። የመጀመሪያ ውይይቴ አመለጠኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ማሪዮት ማርኪስ ገብቼ ቀና ብዬ አየሁና ቀረሁ። በአውሮፓውያኑ ከ1985 ጀምሮ እዚያ ቆሟል፤ መሀሉ ባዶ ነው፣ ከ40 በላይ ፎቅ ዙሪያውን በረንዳ በበረንዳ እየሆነ ሽቅብ ይሄዳል፣ እንደ ትልቅ እንስሳ ጎድን። በየበረንዳው ሰው ተደግፎ ቁልቁል ያያል፣ ታች ያለው ሽቅብ ያያል። ሰዓቴን ሳይ ውይይቱ ተጀምሮ አርባ ደቂቃ ሆኖታል።

እዚያው ቆሜ አንዲት ልጅ ጠጋ ብላ ፎቶ ላንሳህ አለችኝ። ደስ አለኝ። ሱሪዬን ላወልቅ (ቁምጣው ከሥር ነው) ጎንበስ ስል «አይ፣ እንዳለ ይሁን፣ ልብሱን አትንካው» አለች። የፈለገችው ነጠላውን ነው፤ የስታር ዋርስ ፊልም ካባ ለባሽ ተዋጊ መስያት ነው። «ጄዳይ ነህ አይደል? ጨርቁን ከየት አገኘኸው?» የአክስቴ ናት አልኳት። በዚያ ቀን ለነጠላው አምስት ሰው ፎቶ አነሳኝ፤ አንዱ ጥለቱን በጣቱ እያሻሸ በእጅ የተሠራ መሆኑን ሲሰማ ጓደኞቹን ጠራ። ነጠላውን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ በማልያዬ ስወጣ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። ያው ኳስ ተጫዋች ነኛ። አንድ የጥበቃ ሰው ብቻ «ጨዋታው የት ነው?» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ የድምፅ ትርጉም ውይይት ላይ ቀድሜ ተሰለፍኩ። ሰልፉ ራሱ ግማሽ ስብሰባ ነው። ከኋላዬ ያሉት ሁለቱ ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ተያያዙት፤ አንዱ አኒሜ በጃፓንኛው፣ ከግርጌ ጽሑፍ እያነበብክ ካላየኸው አላየኸውም ባይ ነው፤ ሌላው ደግሞ ሥዕሉን ልይ ወይስ ላንብብ ይላል። ይህ ጠብ አኒሜ እስካለ አያልቅም። አዳራሹ ውስጥ የድምፅ ተዋናዮቹ ሥራቸውን አሳዩን። ጃፓናዊው ገጸ ባሕርይ አፉን አራት ጊዜ ከከፈተ እንግሊዝኛው አራት ጊዜ የሚያስከፍት መሆን አለበት። ካነሰ ይጨመርበታል፣ ከተረፈ ይቆረጣል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ወስደው ስድስት ዓይነት አድርገው ሲያነቧት አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን የማስበው ጓዳውን ነበር። የኛዋ ተዋናይ ከንፈሩን እንኳ አያዩም፤ የሚያዩት ቡናቸውን ነው። ማይክራፎኑ ጋ ሄጄ ልጠይቅ ፈለግኩ፣ እግሬ አልታዘዘኝም።

ቅዳሜ ጠዋት ፒችትሪ ጎዳና ላይ አድናቂዎቹ በየልብሳቸው የሚያልፉበትን ሰልፍ አየሁ። እሱ ትኬት አይጠይቅም፤ የከተማው ሰው ልጆቹን ትከሻው ላይ አድርጎ ይወጣል። ሙቀቱ ግን አይጣል ነው፣ እነዚያ ጥሩር የለበሱት እንዴት እንደቻሉት አልገባኝም። ከሁሉ የገረሙኝ ምንጣፍ የለበሱት ናቸው። ማሪዮት ድሮ ዐይን የሚያጭበረብር ምንጣፍ ነበረው። በአውሮፓውያኑ 2013 ሁለት ሰዎች የዚያኑ ንድፍ የወታደር ልብስ አድርገው አሰፉና ምንጣፉ ላይ ተኙበት፤ ማን ይያቸው! ቆይቶ ሆቴሉ ምንጣፉን ቀየረ። አድናቂዎቹ ግን አልቀየሩም። ዛሬም የሌለ ምንጣፍ ኮት፣ የሌለ ምንጣፍ ቀሚስ፣ የሌለ ምንጣፍ ከረባት ለብሰው ይመጣሉ፤ እርስ በርስም እንደ አንድ አገር ሰው ይሳሳማሉ። እኔ ይሄን ሳይ ነው ልቤ የተረጋጋው። የሌለ ምንጣፍ ከሚለበስ የማጂድ ማልያ ምን አለው?

ያን ዕለት ማታ ድልድዩ ላይ ከሕዝቡ ጋር እየተገፋሁ ስሄድ ከወዲያ ማዶ አንድ ድምፅ ጮኸ።

«ካፒቴን ማጂድ!»

ፁባሳ አይደለም ያለው። ማጂድ ነው ያለው። ዞር ስል ሁለት ትልልቅ ቢጫ ቀንዶች ከሰው ራስ በላይ እየተወዛወዙ ይመጣሉ፤ አንደኛው ተገንጥሎ በአንድ ክር ተንጠልጥሏል። ግሬንዳይዘር ነው፣ ዐረብ አገር ያደገ ሁሉ የሚያውቀው የጃፓን ሮቦት። ውስጡ ያለው ሰው የባግዳድ ልጅ ነው፤ አሁን የሚኖረው ናሽቪል ነው፣ አራት ሰዓት ነድቶ መጥቷል። ሁለት ቀን ሙሉ እሱን በሬ ነህ ወይ ሲሉት፣ እኔን ጨዋታው የት ነው ሲሉኝ ከርመናል። ተቃቅፈን ቀንዱን ጨርሰን ነቀልነው።

ሎቢው ውስጥ ሙጫና መርፌ ክር ይዘው የተሰበረ ልብስ የሚጠግኑ ሰዎች አሉ። እዚያ ወለሉ ላይ ተቀመጥን። ቀንዱ የተሠራው እንደ ስፖንጅ ካለ ፎም ነው። ጠጋኟ ሁለቱን ጠርዝ ሙጫ ቀብታ ወዲያው እንዳናገናኘው አዘዘችን፤ ደረቅ ብሎ ጣት መያዝ ሲጀምር ነው አሉ የሚጣበቀው። ቀንዱን እኔ ይዤ ስንጠብቅ የካፒቴን ማጂድን የመክፈቻ ዜማ ማንጎራጎር ጀመርኩ። እሱ ቃሉን ያውቀዋል፣ እኔ ድምፁን ብቻ ነው የማውቀው፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ትርጉም የሌለው ነገር ሳዜም ኖሬያለሁ። ከዚያ ስለ ጎረቤታችን ነገርኩት። ባሳም ስለ እናቱ ያለውን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ፣ ልክ ነው፣ ልጁ አባቱ ሞቶበት ቤተሰብ የሚረዳ ነው አለ። የማጂድ አባት ጅዳ ነው ስለው ግን ቆመ።

«የት?»

«ጅዳ። ኳሷን ከዚያ ነው የላከለት።»

ሳቁ ሲመጣ ቀንዱ ከእጄ ወደቀ። ጠጋኟ በእንግሊዝኛ ተቆጣችን። «መርከብ ላይ ነው እኮ!» አለኝ እንባውን እየጠረገ፣ «አባቱ የመርከብ ካፒቴን ነው፣ ባሕር ላይ ነው የሚኖረው!» ትንሽ ቆየና ደግሞ «ግን መርከቡ ጅዳ ሳይቆም ይቀራል?» አለ። ስልክ ተለዋወጥን። ቀንዱ ዳግመኛ ተጣበቀ፣ ትንሽ ጠመም ብሎ።

እሑድ ጠዋት የስታር ትሬክ ውይይት ውስጥ ገባሁ፤ የጠፈር ጉዞ ተከታታይ ፊልም ነው፣ ብዙም አላውቀውም፣ ወንበር ስላለው ነው። እዚያ የሰማሁትን ግን ይዤው ወጣሁ። የጠፈር መርከቧን ጥቁር መኮንን ኡሁራን የተጫወተችው ኒሼል ኒኮልስ ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ሥራውን ልትተወው ነበር። አንድ ግብዣ ላይ አድናቂሽ ሊያገኝሽ ይፈልጋል አሏት፤ ዞር ስትል ማርቲን ሉተር ኪንግ ነው። እንዳትለቂ ብሎ እንደለመናት እስክትሞት ድረስ ስታወራ ኖራለች። የተወለደበት ቤት ኦበርን ጎዳና ላይ ነው፣ ከሆቴሎቹ በእግር የሚደረስ። ማልያዬን ሳልቀይር ሄድኩ። ቤቱን ከደጅ፣ መቃብሩን ከውሃው ዳር ሆኜ አየሁ። እሱም እንደኛ ማታ ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጥ ሰው መሆኑ ለምን እንዳስደሰተኝ እንጃ።

በእንቁጣጣሽ ከምኖርበት ከቨርጂኒያ ጉለሌ ለጎረቤታችን ደወልኩ። እንኳን አደረሰዎ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ከተባባልን በኋላ አላስቻለኝም።

«እትዬ፣ የማጂድ አባት እኮ ጅዳ አይደለም። የመርከብ ካፒቴን ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ጅዳ አሉን?»

«የጠየቅኸኝ አንተ ነህ። ለምን አይመጣም እያልክ። እናትህ ያኔ የት ነበረች?»

ምን እንደምመልስ ጠፋኝ። እሳቸው ግን ነገር ማስረዘም አይወዱም። «ለመሆኑ ያን ጊዜ መብራት የሄደብን ቀን» አሉኝ፣ «ማን አሸነፈ?»

«አራት ለአራት ወጡ። ዋንጫውን ሁለቱም አብረው ወሰዱት።»

«ሂድ ወዲያ!» አሉ። «ይሄንንስ ከራስህ ነው ያመጣኸው።»