ዝም ብለን እንለፈው የተባለው ካርታ

ካርታ ሰሪ ነኝ ስል ሰው ቀያሽ እመስለዋለሁ፣ አይደለሁም፣ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብዬ ሌላ ሰው የለካውን ቀለም የምቀባ ነኝ። ያኔ ስልጠና የሚያዘጋጅ አንድ ቢሮ ውስጥ ነበር የምሰራው፣ ርዕሱ ከቅኝ ግዛት በኋላ የመጡ ጎረቤት አገሮች በድንበር ለምን ይዋጋሉ የሚል ነው፣ ለሰልጣኞቹ በሚታደለው ጥራዝ ላይ ዘጠኝ ካርታ ሰርተሽ በሦስት ቀን አስረክቢ ተባልኩ። (ከዚህ በታች ያለው ዓመተ ምህረት ሁሉ በፈረንጅ ነው።)

ድንበሮቹን በነፃ ከሚገኝ ፋይል ላይ አወረድኩ፣ ፋይሉ ግን ከባድ ስለነበረ ፒዲኤፉ አልከፈት ሲለኝ ሶፍትዌሩ ላይ ሲምፕሊፋይ የሚለውን ነካሁት፣ ይሄ ነገር ጥቃቅኑን ጥምዝምዝ ይቆርጥና መስመሩን ለስለስ ያደርገዋል፣ ትንሽ ገጽ ላይ ሲታተም ማንም አያየውም ብዬ ነው። እውነትም አይታይም፣ ያቺ አንዲት ጥምዝምዝ ራሷ የጠቡ ምክንያት ካልሆነች በቀር! ካምቦዲያና ታይላንድ የሚጣሉበት የፕሪያ ቪሂር ቤተ መቅደስ ዳንግሬክ ተራራ ላይ ገደል አፋፍ ነው ያለው፣ የኔ ለስላሳ መስመር አፋፉን ቆርጦ አለፈና ቤተ መቅደሱን ታይላንድ ውስጥ አስቀመጠው። ያውም ደሞ በትልቅ ቀይ ነጥብ ምልክት ያደረግኩት ራሴ ነኝ፣ የገጹ ርዕስ እኮ ነው።

58 ኮፒ ታተመ፣ ታደለ። በሁለተኛው ቀን እረፍት ላይ አንድ ሰልጣኝ መጣና ጣቱን ነጥቧ ላይ አድርጎ "ይሄን የሳለው ማነው?" አለኝ። ከሁለቱ አገሮች የአንደኛው ሰው ነው፣ ከየትኛው እንደሆነ አልናገርም። አልተቆጣም፣ እንደውም ፈገግ ብሏል፣ እኔ ግን ፈገግታው ነው ያስፈራኝ።

ለአለቃዬ ሄጄ ነገርኩት። "ሌሎቹ 57 ሰዎች አይተውታል?" አለኝ፣ አላዩትም አልኩት፣ "እንግዲያው ተይው፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም" አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ደስ አለኝ፣ ማነው ሥህተቱን በ58 ኮፒ ማወጅ የሚፈልገው።

ቢሮአችን ውስጥ ጽሑፍ የሚያርሙ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ሰምተዋል ለካ። "ልጄ፣ ይሄ ቤተ መቅደስ ለካምቦዲያ የተፈረደው በምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?" አሉኝ። ከካርታው ሥር "የዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት በ1962 ለካምቦዲያ ፈረደ" ብዬ ጽፌያለሁ፣ ግን በምን እንደሆነ... ከየት አባቴ ላውቀው፣ ኮፒ ያደረግኩት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1904 ያኔ ካምቦዲያን ትገዛ የነበረችው ፈረንሳይና ሲያም (የዛሬዋ ታይላንድ፣ እሷ ራሷ ቅኝ ተገዝታ አታውቅም) የተፈራረሙት ውል እዛ አካባቢ ድንበሩ ተራራው ላይ ውሃ የሚከፈልበትን መስመር (ዝናቡ ግማሹ ወዲህ ግማሹ ወዲያ የሚወርድበትን) ይከተላል ነው የሚለው። ሲያም ካርታ የሚያነሱ ባለሙያዎች ስላልነበሯት የፈረንሳይ መኮንኖች ይሥሩልን አለች፣ ሰሩ፣ በ1907 ፓሪስ ታተመ፣ ቤተ መቅደሱም ካምቦዲያ ውስጥ ሆኖ ወጣ። ታይላንድ በኋላ ላይ ውሃ ከፋዩን ብትከተሉ ኖሮ የኔ ነበረ ብላ ተከራክራለች። ግን ካርታው በ1908 ሲደርሳቸው የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ልዑል ዳምሮንግ ምን አደረጉ መሰላችሁ፣ አመሰገኑና ለክፍለ ሀገር ገዢዎች የሚታደል 15 ተጨማሪ ኮፒ ጠየቁ። በ1930 ደሞ ራሳቸው ቤተ መቅደሱን ሊጎበኙ ሄደው የፈረንሳይ ባንዲራ ተሰቅሎ የፈረንሳይ ሹም ተቀበላቸው፣ ያኔም ምንም አላሉም። ፍርድ ቤቱ 9 ለ3 ሲወስን ውሃው በየት በኩል እንደሚከፈል እንኳን መመርመር አላስፈለገውም፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ካርታውን ተቀብላችሁ ኖራችኋል ነው ያላቸው።

"ካርታው ትክክል ስለሆነ አይደለም ያሸነፈው፣ ዝም ስለተባለ ነው" አሉኝ ጋሼ፣ "አሁን አንቺም ዝም ልትዪ ነው?"

ያን ቀን ማታ የቀሩትን ስምንት ካርታዎች እንደገና ከፈትኩ። አልዋሽም፣ አፈርኩ። ግብጽና ሱዳን መሀል በ1899 የተጻፈው ድንበር ቀጥ ብሎ 22ኛውን ኬክሮስ ነው የሚከተለው፣ በ1902 ደሞ ለአስተዳደር እንዲመች ሌላ የተጠማዘዘ መስመር ተሰመረ፣ ግብጽ የመጀመሪያውን ሱዳን ሁለተኛውን ይዘው ሃላይብን ሁለቱም የኔ ነው ይላሉ፣ ቢር ታዊልን ደሞ ሁለቱም አይፈልጉትም፣ ምክንያቱም ቢር ታዊል የኔ ነው ያለ የሌላውን መስመር ተቀበለ፣ ሃላይብን አጣ ማለት ነው። የኔ ፋይል ይሄንን ማንም የማይፈልገውን መሬት ለአንዳቸው ሸልሞታል። ሞሮኮና አልጄሪያ ጋ የ1845ቱ ውል ከሆነ ቦታ በኋላ በረሃ ስለሆነ መስመር አያስፈልገውም ብሎ ነው የተወው፣ በኋላ ዛሬ አልጄሪያ ውስጥ ባለችው ቲንዱፍ አጠገብ የብረት ማዕድን ተገኘ፣ በ1963 ተዋጉ፣ እኔ ግን ልክ በ1845 በማስመሪያ የተሰመረ አስመስዬ ድብን ያለ ጥቁር መስመር ጎትቼበታለሁ።

ማሊና ቡርኪናፋሶ ጋ ስደርስ ጭራሽ ግራ ገባኝ፣ ምክንያቱም እዛ ፍርዱ የተገላቢጦሽ ነው። ሁለቱንም የገዛችው ፈረንሳይ ስለነበረች መስመሩ በአንድ ገዢ ሁለት ግዛቶች መሀል የነበረ የቢሮ ወሰን ነው፣ ነፃነት ሲመጣ በአንድ ጊዜ የአገር ድንበር ሆነ፣ አጋቸር በሚባለው ቁራሽ መሬት በ1985 ታህሳስ ላይ ተዋጉ፣ በዓመቱ ፍርድ ቤቱ መሬቱን እኩል በሚባል ደረጃ አካፈላቸውና ካርታ ብቻውን የባለቤትነት ማስረጃ አይሆንም አለ። ጠዋት ለጋሼ ታዲያ ካርታ ይሰራል ወይስ አይሰራም አልኳቸው። "ካርታ ብቻውን ወረቀት ነው፣ ከካርታው በኋላ ሰው ምን አደረገ የሚለው ነው የሚታየው" አሉኝ።

ባድመን ስከፍት እጄ ከበደኝ። ከ1998 እስከ 2000 በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ያለቀበት ጦርነት እዛ ነው የጀመረው፣ በ2002 የድንበር ኮሚሽኑ ውሳኔ ሲወጣ ባድመ የት ጋ እንደሆነች ካርታው ላይ በግልጽ ስላልተቀመጠች ሁለቱም መንግሥታት አሸነፍን አሉ፣ ለኤርትራ መወሰኗ በኋላ ነው የጠራው። አንድ ስም አለመጻፍ እንዲህ ያደርጋል።

አንድ ነገር ግን ልበል፣ መስመሩ ጠማማ ስለሆነ ብቻ ጦርነት ይነሳል የሚለው አይዋጥልኝም። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1964 ካይሮ ላይ በነፃነት ጊዜ የነበረው ድንበር ይከበር ብሎ ወስኗል፣ ሶማሊያና ሞሮኮ ባይቀበሉትም፣ አብዛኛው ድንበር ደሞ የቱንም ያህል ጠማማ ቢሆን ጦርነት አላየም። አሮጌ መስመር የሚፈልገው ሰው እስኪመጣ ይተኛል፣ ናይጄሪያና ካሜሩን በተጣሉበት ባካሲ ላይ ነዳጅ ዘይት ነው የቀሰቀሰው፣ ፕሪያ ቪሂር ደሞ በ2008 በዩኔስኮ መዝገብ ሲገባ ባንኮክ ያሉ ፖለቲከኞች መንግሥትን መምቻ አደረጉት፣ እስከ 2011 ተታኮሱ፣ በ2025ም ድንበሩ ላይ እንደገና ሰው ሞቷል።

እኔም ማረሚያ ሰራሁ። "ካርታ 4 ላይ ያለው ድንበር ስህተት ነው፣ ስህተቱ የመጣው በዝግጅት ወቅት ነው" ብዬ ቀኑን ጻፍኩበት፣ ጠብ ያለበትን ሁሉ የተቆራረጠ መስመር አደረግኩት፣ ዋናውን ፋይል ሳላለሰልስ ተጠቀምኩ (ፒዲኤፉ አሁንም ቀስ ብሎ ነው የሚከፈተው፣ ይንቀራፈፍ!)። አለቃዬ "ለአንዲት ነጥብ ነው ይሄ ሁሉ?" ብሎ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። አዲሱን እያደልኩ አሮጌውን ስሰበስብ 57 ተመለሰ።

ያ ሰውዬ አዲሱን ተቀበለኝ፣ ብርሃን ላይ አድርጎ በደንብ አየው፣ አመሰገነኝ። አሮጌውን ግን በጥንቃቄ ለሁለት አጠፈና ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ይመለስልኝ ስለው "ለማስታወሻ" ብሎኝ ሄደ። ለጋሼ ስነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ፣ "15 ተጨማሪ ኮፒ አልጠየቀሽም?"