ጭራ የሌለው ጋኔሽ

ጋኔሽን ያገኘሁት በጀርባው ተንጋሎ ነው። ያውም ግማሹን። አንድ ዓይን፣ አንድ ሰፊ ጆሮ፣ ግማሽ ቦርጭ። ሌላው ግማሽ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተራውን ይጠብቃል።

ያለነው ከቦስተን በስተሰሜን፣ ባሕር ዳር ያለች አንዲት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ያመጣኝ ካምብሪጅ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። ስልኩ አሳስቶን ሁለት ጊዜ የሰው ግቢ ገብተን ወጥተናል። አንጥረኛው የድሮ ጎረቤቱ ናቸው። ስድሳን ያለፉ፣ ጣቶቻቸው እንደ ዝንጅብል የተቋጠሩ ሰው። ከመዳብ የነፋስ አቅጣጫ ጠቋሚ ይሠራሉ። ጣሪያ ጫፍ ላይ ቆሞ ነፋሱ ወደሚመጣበት የሚዞረውን ማለቴ ነው። በዚህ አገር ዶሮ፣ ፈረስ ወይም ዓሣ ነባሪ ነው የሚበዛው። ጋኔሽን፣ የዝሆን ራስ ያለውን የሂንዱ አምላክ፣ ሲሠሩ ግን የመጀመሪያቸው ነው።

እኔ ጋኔሽን አውቀዋለሁ። ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩን ህንዳዊ መምህር መዝገባቸው ውስጥ ትንሽ ሥዕሉን ይዘው ይዞሩ ነበር። በዚያ ዘመን ህንዳዊ መምህር ያላስተማረው የኢትዮጵያ ተማሪ ማግኘት ይከብዳል። ፈተና ሊሰጡን ሲሉ ሥዕሉን ገልጠው ያዩታል። ጋኔሽ እንቅፋት አስወጋጅ ነው፣ ነገር የሚጀመር ሲሆን ቀድሞ የሚጠራው እሱ ነው ይሉን ነበር። የእኛን እንቅፋት እንኳ አላስወገደልንም፤ ፈተናው ከባድ ነበር።

ወደ መዶሻው ልመለስ። ሰውየው የመዳቡን ላሜራ በአሸዋ የተሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ ያስቀምጡታል። የሚመቱት ከጀርባው ነው። ቦርጩ ቀስ እያለ ወደ ፊት ይነፋል። ከዚያ ይገለብጡና የዓይኑን ቆብና የኩምቢውን ሽብሽብ ከፊት በኩል በትንንሽ መሮዎች ያወጣሉ። መዳብ ሲቀጠቀጥ ይደርቃል፤ ዝም ብለው ቢመቱት ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየመሀሉ በጋዝ እሳት ፍም እስኪመስል ያግሉትና ውሃ ውስጥ ይነክሩታል። ቺስስ! እኔ የማውቀው የእኛ አንጥረኛ ማረሻ ሲነክር ነው፤ ያ እንዲጠነክር ነው። መዳብ ግን ግሎ ሲነከር ይለሰልሳል። ሁለቱ ግማሾች ሲያልቁ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥመው ይበይዷቸዋል።

እኔም ልሞክር አልኩ። ትርፍ ቁራጭ ሰጡኝ። ሦስት ጊዜ መታሁ፤ አራተኛውን ከለከሉኝ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን እዚሁ ማሳቹሴትስ ውስጥ፣ ዎልታም ላይ፣ የኩሺንግ ፋብሪካ ይህን ሥራ በብዛት ይሠራ ነበር። መጀመሪያ ቅርጹ ከእንጨት ይቀረጻል፤ በእሱ ልክ ከቀለጠ ብረት ቅርጽ ማውጫ ይሠራል፤ መዳቡ እዚያ ውስጥ እየተቀጠቀጠ ይወጣል። አንድ ፈረስ ከሌላው ፈረስ አይለይም። ለጋኔሽ ግን ማን ቅርጽ ማውጫ ሠርቶለት? ሁሉም በእጅ ነው።

ሰውየውን እንቅልፍ የነሳቸው ሌላ ነገር ነው። ጋኔሽ ጭራ የለውም። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጠቋሚው በዘንጉ ላይ ሚዛኑን ጠብቆ መቀመጥ አለበት፤ ከዘንጉ በስተኋላ ያለው ስፋቱ ግን ከፊቱ መብለጥ አለበት። ነፋሱ ሰፊውን ወገን ገፍቶ ወደ ኋላ ሲያደርገው ፊቱ ወደ ነፋሱ ይዞራል። ዶሮ ጭራ አለው፤ ፈረስም አለው። የተቀመጠ ባለቦርጭ አምላክ ግን ከፊትም ከኋላም ያው ክብ ነው። ነፋስ ሲመጣ ግራ ገብቶት ይሽከረከራል።

«ለምን ሐኑማንን አትሠሩም?» አልኳቸው። መምህራችን እንደነገሩን ሐኑማን የነፋስ አምላክ ልጅ ነው፣ ይበራል፣ ዝንጀሮ ስለሆነም ረጅም ጭራ አለው። ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ነው እኮ!

ሳቁ። «ደንበኛዬ ያዘዙኝ ጋኔሽን ነው።»

መላው በመጨረሻ ከትከሻው ላይ ተገኘ። የለበሰውን ልብስ ጫፉን ለቀው ወደ ኋላ አንሳፈፉት፤ ልክ ነጠላ ለብሶ ንፋስ ያገኘው ሰው ይመስላል። ሰፊውን ወገን የሆነው ያ ነጠላ ነው። ሥር ያለውን ኩሽኔታ በጣታቸው ነካ ሲያደርጉት ባዶው ዘንግ ድምፅ ሳያሰማ ዞረ። አምላክን ጣሪያ ላይ ማውጣት ነውር አይሆንም ወይ ብለው ደንበኛውን መጀመሪያ ጠይቀው ነበር አሉኝ። «ከእግር በታች ቢሆን እንጂ ከራስ በላይማ ክብር ነው» ብለው መለሱላቸው።

ማግስቱን ቦስተን ፋኒየል አዳራሽ ሄጄ አንገቴ እስኪያመኝ ወደ ላይ አንጋጠጥኩ። ጫፉ ላይ ሼም ድራውን የተባለ አንጥረኛ እ.ኤ.አ. በ1742 የሠራው ወርቅ ቅብ የመዳብ አንበጣ አለ። ዓይኖቹ መስታወት ናቸው። በ1755 የመሬት መንቀጥቀጥ ጥሎታል፤ በ1974 ተሰርቆ ጠፋ ተብሎ እዚያው ሕንጻው ላይ ተደብቆ ተገኝቷል። እኛ አገር አንበጣ ጣሪያ ላይ ቢታይ ማንም ወርቅ አይቀባውም።

ከሰዓት በኋላ ወደ አሽላንድ ነዳን፤ ላክሽሚ የተባለችውን የሂንዱ አምላክ ቤተ መቅደስ ላሳይህ አለኝ የአክስቴ ልጅ። እ.ኤ.አ. በ1990 የተመረቀ ነው፤ ውስጡ ለጋኔሽም ቦታ አለው። ጫማችንን አውልቀን ገባን። ስንወጣ የበሩ ግንብ ጫፍ ላይ የተደረደሩትን እንስራ መሳይ ጉልላቶች አየሁና የአገሬ ቤተ ክርስቲያን ጉልላት ላይ የሚሰካው የሰጎን እንቁላል ትዝ አለኝ።

«ይህን መንገድ ታውቀዋለህ?» አለኝ ጫማዬን ሳስር።

«ከየት አውቄው?»

የቦስተን ማራቶን መንገድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 አበበ ቢቂላና ማሞ ወልዴ እዚህ አልፈዋል። እስከ 18ኛው ማይል ድረስ ክብረ ወሰን በሚሰብር ፍጥነት ሲሮጡ ቆይተው፣ ኒውተን ላይ ዳገቱና ቀዝቃዛው ነፋስ ያዛቸው። አበበ 5ኛ፣ ማሞ 12ኛ ሆነው ጨረሱ።

የአክስቴ ልጅ ጣቱን በምራቁ አርሶ ወደ ላይ ዘረጋ። ነፋሱ ከምሥራቅ፣ ከቦስተን በኩል ነበር። ስንመለስ እስከ ኒውተን ድረስ መኪናዋን ከፊት ለፊት እየተጋፋት ሄድን።