ከዛፍ ስትወድቅ ካርዱ ላይ ምን እንደተጻፈ እይ

ይህን የምጽፈው ለዛፍ ቆራጮች ነው። ጣሪያ ለሚወጣና በቀን ሥራ ለሚያድር ሁሉም ይሆናል። የሆስፒታል ካርድህ ላይ «የት ወደቀ» ተብሎ የሚጻፈው ከአሠሪህ የምታገኘውን እንደሚወስን ከመውደቄ በፊት አንድ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ ስንት እንግልት በቀረልኝ።

ሥራውን እንዴት እንደጀመርኩ ባጭሩ። ጎጃም ውስጥ ዛፍ መውጣት የሚያስተምርህ ንብ ነው። አጎቴ ቀፎ ሲሰቅል ገመዱን ይዤ የምወጣው እኔ ነበርኩ። ከዚያ መራዊ አካባቢ ባህር ዛፍ ቆረጣ ገባሁ፤ አጣናና ቋሚ እያወጣን አይሱዙ ላይ እንጭን ነበር፣ ገሚሱ በመተማ አድርጎ ሱዳን ይገባ ነበር። ሜዳ ላይ ያለ ባህር ዛፍ መጣል ብዙ አያስቸግርም። ወደሚወድቅበት በኩል አፍ ትከፍትለታለህ፣ ከኋላ ትቆርጣለህ፣ ትሸሻለህ። ጉቶው ራሱ መልሶ ያቆጠቁጣል።

ከባዱ የከተማው ዛፍ ነው። ቆርቆሮ ላይ የተጋደመ ግራቪሊያ፣ ሽቦ የነካ ጃካራንዳ፣ የጎረቤት አጥር ላይ ያዘመመ ጥድ። እሱን ከላይ ጀምረህ ቁራጭ በቁራጭ በገመድ ታወርደዋለህ። ጥድ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ኮሶ ከሆነ ደግሞ ፈቃዱን በዓይንህ ሳታይ መጥረቢያ አታንሳ። «እኔ አለሁ» የሚል ባለቤት በኋላ የለም።

ቅርንጫፍን ከላይ ብቻ ከቆረጥከው ሲገነጠል የግንዱን ልጥ ይዞ ይወርዳል። መጀመሪያ ከሥሩ ትንሽ ግባበት። በሐምሌ እርጥብ ባህር ዛፍ ላይ አትውጣ። ሞተር መጋዝ ይዘህ ከወጣህ በናይለን ገመድ ብቻ አትታሰር፣ መጋዙ ነካ ካደረገው አለቀ። ደግሞ ሥልጠና ሲሰጡ «ሁልጊዜ ቀበቶ እሰሩ» ይላሉ፤ የት ላይ እንደሚታሰር ግን ዝም ነው። ያዘመመ ግንድ ከመሃል ሊሰነጠቅ ይችላል። አንተ እሱ ላይ ታስረህ ከተሰነጠቀ ቀበቶው ከግንዱ ጋር አጣብቆ ይጨፈልቅሃል። እኔ እንዲህ ያለው ላይ አልወጣም፣ የፈለጉትን ይበሉ። ሌላው ጣት ነው። ጠዋት ጠዋት ሁለቱ ጣቶቼ ነጭ ሆነው ይደነዝዛሉ፤ የሞተሩ ንዝረት ያመጣው ነው። ብርድ ሲሆን ይብሳል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ።

አንድ ድርጅት ግቢው ውስጥ ያሉትን ዛፎች ልናሳጥር በቀን ሂሳብ ቀጠረን። ስሙን አልጠራም። ፎርማን አለን፣ ጠዋት እንፈርማለን፣ የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚቆረጥ የሚነግረን እሱ ነው። መጋዙም የድርጅቱ ነው። እነዚህን ነገሮች ያዙልኝ።

የዚያን ቀን ቀበቶዬን ፈትቼ አንድ ባላ እየተሻገርኩ ነበር። ከታች የቅርንጫፉን ገመድ የያዘው ልጅ ስልኩ ጠራና ለቀቀው። ቅርንጫፉ ዞሮ ደረቴን መታኝ። በእግሬ ቆሜ ነው የወረድኩት፣ በተረከዜ። ድምፁን ሰምቼዋለሁ።

ፎርማኑ በድርጅቱ ፒካፕ ወዲያው ሆስፒታል አደረሰኝ። የካርድም ከኪሱ ከፈለ። ለዚህ አመሰግነዋለሁ፣ ለቀሪው ግን አይደለም። ካርድ ክፍል መስኮቱ ላይ የቆመው እሱ ነው። ልጅቷ «ምን ሆኖ ነው?» ስትለው «የቤቱን ጣሪያ ሲጠግን ወድቆ» አላት። ወንበር ላይ ተዘርግቼ ሰምቼዋለሁ። ተረከዙ የተሰበረ ሰው ግን ስለ ወረቀት አይከራከርም። ከዚያ ሐኪሙም ያንኑ በእንግሊዝኛ ገለበጠው።

ሐኪሙን አልከፋበትም። በተረከዙ የወደቀ ሰው አከርካሪውም ሊሰበር ይችላል ብሎ ጀርባዬንም ራጅ አስነሳኝ። ጀርባዬ ደህና ነበር። ዘመድ ግን «ወጌሻ ይየው» ብሎ ያዘኝ። እዚህ ላይ የእኔ ሐሳብ ከጤና ባለሙያዎቹም ከእናቴም ይለያል። ወለምታ ከሆነ ወጌሻ ያሽህ፣ እጃቸውን አውቀዋለሁ፣ ያድናሉ። አጥንት ከሆነ ግን ራጅ ሳትነሳ እንዳትነካ። ቀርከሃውን አጥብቀው አስረው ደሙ ቆሞ እግሩ የተቆረጠ ሰው ብዙ ነው። ጣትህ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ቶሎ አስፈታው፣ «ይለምድሃል» ቢሉህም አትስማ።

ጄሶው ተፈቶ ደመወዜንና የሕክምና ወጪዬን ልጠይቅ ድርጅቱ ዘንድ ስሄድ፣ የሰው ኃይል ኃላፊው ፈገግ ብሎ «የሕክምና ማስረጃ አምጣ» አለኝ። አመጣሁ። አነበበውና ፈገግታው ሰፋ። «ወንድሜ፣ ቤትህ ነው የወደቅከው ይላል እኮ።»

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ያመመኝ። ሆስፒታሉ ተመለስኩ። ካርድ ክፍል «ይህን የሚያርመው የጻፈው ሐኪም ብቻ ነው» አሉኝ። የጻፈው ሐኪም ለትምህርት ሄዷል። ሜዲካል ዳይሬክተሩ ዘንድ ሂድ። ዳይሬክተሩ ስብሰባ ናቸው። ማመልከቻ ጻፍ። ጻፍኩ። መዝገብ ቤት አስገባ። አስገባሁ። በሚቀጥለው ስመጣ ማመልከቻዬ የለም። «ኮፒ የለህም?» አለችኝ አንዷ፣ እኔን እየወቀሰች። እህቴ፣ ማመልከቻ የጠፋው ከእናንተ ቤት ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እንዴ? በክራንች የሆስፒታል ደረጃ ስትወጣና ስትወርድ ትዕግሥት የሚባለው ነገር ያልቃል። በመጨረሻ ዳይሬክተሩን አገኘኋቸው፤ ሰውየው ጨዋ ናቸው፣ ግን «በሽተኛው ያለውን ነው የምንጽፈው» አሉኝ። በሽተኛው አይደለም ያለው! ይህን ስናገር ድምፄ ከፍ ብሎ ጥበቃ ተጠራ።

ያዳነኝ ሌላ ወረቀት ነው። የድርጅቱ ዘበኛ፣ አያ እያልን የምንጠራቸው ሽማግሌ፣ በር ላይ መዝገብ አላቸው። የሚገባውን ሁሉ በሰዓት ይጽፋሉ። ሰው ይስቅባቸው ነበር። ጠዋት የገባሁበት ሰዓት አለ፣ በመውጫው ቦታ ላይ ደግሞ በእርሳስ «ወድቆ በፒካፕ ወጣ» ብለዋል። «ልጄ፣ ሲጠይቁኝ አልክድም» አሉኝ። በስልኬ ፎቶ አነሳሁት።

ያንን ይዤ የሠራተኛና አሠሪ ጉዳይ ወደሚያዩት ቢሮ ሄድኩ። ሠራተኛና አሠሪን የሚያስማማው የቢሮው ሰው ቁጭ አድርጎ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ሕጉን፣ አዋጅ 1156/2011ን አነበበልኝ። የሥራ ውል በጽሑፍ ባይሆንም ውል ነው፤ በ15 ቀን ውስጥ ጽፎ የመስጠት ግዴታ የአሠሪው ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ሕክምናው በእሱ ነው። መሥራት እስካልቻልክ ድረስ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ የማያንስ፣ ከዚያ 6 ወራት ከ50 በመቶ የማያንስ። ድርጅቱ «በራሱ ኃላፊነት የሚሠራ ኮንትራክተር ነው» ብሎ ሞከረ፤ በራሱ ሙያ ኃላፊነት የሚሠራን ሰው ሕጉ አይሸፍነውምና። ፊርማው፣ ፎርማኑና መጋዙ እዚህ ላይ ነው የጠቀሙኝ። በአሠሪው መሪነት የሠራ ሠራተኛ ነው።

መጨረሻው ስምምነት ሆነ። የሕክምናውንና የ3 ወር ደመወዝ ከፈሉኝ። የአካል ጉዳት ካሳ ግን አላገኘሁም፤ የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው፣ ቦርዱ ደግሞ ካርዱን ያያል፣ ካርዱ ደግሞ አሁንም «ቤት» ይላል። ተረከዜ ቁልቁለት ላይ እስከ ዛሬ ያመኛል።

ስለዚህ ስትወድቅ፣ ካርድ የሚያወጣልህ አሠሪህ ወይም የእሱ ሰው አይሁን። ሌላ ሰው ከሌለ ሐኪሙን ራስህ «ሥራ ላይ ነው የወደቅኩት፣ እገሌ ድርጅት» በለው፣ ጻፈውና አንብብልኝም በለው። ማመልከቻ ስታስገባ ኮፒው ላይ ማኅተም አስመታ። ክሱን አታዘግይ፣ ይርጋ የሚባል አለ፤ ጊዜው ካለፈ ክስህ አይታይልህም። የጠዋት ፊርማህን በየቀኑ በስልክ አንሳ፤ ቢስቁብህ ይሳቁ።

እኔ አሁን ውል ሳልፈርም አልወጣም። ባለፈው ሰሞን አንዱ ለአንድ ጃካራንዳ ጠርቶኝ ወረቀቱን ሳወጣ «ለቅርንጫፍም ውል?» ብሎ ሳቀብኝ። ሌላ ቆራጭ አስመጣ። ዋጋውም ከእኔ ያነሰ ነው አሉ።