ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የጥናት ፕሮግራም

በመስከረም መጨረሻ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ወዳለበት ቤት የገባ ሰው፣ በማስመሪያ የተሰመረና በባለቀለም እስክሪብቶ የደመቀ የጥናት ፕሮግራም ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ማየቱ አይቀርም። ከምሽቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ሒሳብ፣ ከ3 እስከ 4 ፊዚክስ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ባዮሎጂ ይላል። ኅዳር ሲገባ ወረቀቱ እንደተለጠፈ ነው፤ የሚከተለው ግን የለም። ተማሪ በማስጠናባቸው ዓመታት ይህንኑ ደጋግሜ ስላየሁ፣ ጥፋቱ የልጆቹ ስንፍና ሳይሆን የፕሮግራሙ አወጣጥ ነው ብዬ አምናለሁ።

እንዲህ ያለው ፕሮግራም የሚመድበው ሰዓትን እንጂ ሥራን አይደለም። «ከ1 እስከ 3 ሰዓት ሒሳብ» የሚለው መስመር ተማሪው ምን ሠርቶ ከወንበሩ መነሳት እንዳለበት ስለማይናገር፣ ደብተሩን ገልጦ ሁለት ሰዓት የተቀመጠ ልጅ አንድ ጥያቄ እንኳ ሳይፈታ ፕሮግራሙን እንዳከበረ ይቆጠርለታል። ስለዚህ የማስጠናቸው ልጆች «ሁለት ሰዓት አጠናለሁ» በማለት ፈንታ «ከምዕራፉ መልመጃ አሥር ጥያቄዎችን መልሱን ሳላይ እሠራለሁ» ብለው እንዲጽፉ፣ ከጎኑም የጀመሩበትንና የጨረሱበትን ሰዓት እንዲያሰፍሩ አደርጋለሁ። ቶሎ የጨረሰ የተረፈው ጊዜ የራሱ ነው። (ቴሌግራም ላይ የድሮ ፈተናና ወርክሺት ሲያወርዱ ማምሸት፣ ልጆቹ ቢከራከሩኝም፣ በሥራ አይመዘገብም።)

አንድ ሥራ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ አስቀድሞ መገመት ለማንም ሰው ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሮጀር ቡለር፣ ዴል ግሪፊንና ማይክል ሮስ ባሳተሙት ጥናት፣ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በማዘጋጀት ላይ የነበሩ የሥነ ልቦና ተማሪዎች በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ተጠይቀው በአማካይ 34 ቀን ገደማ ብለው ነበር፤ የፈጀባቸው ግን 55 ቀን ተኩል ነው። ይበልጥ የሚያስገርመው፣ ሁሉም ነገር እጅግ ቢበላሽ በስንት ቀን እንደሚጨርሱ ሲጠየቁ የሰጡት የ49 ቀን ገደማ ግምትም ሳይበቃቸው መቅረቱ ነው። በእኛ ቤት ደግሞ በዚህ ላይ መብራት ይጠፋል፣ እንግዳ ይመጣል፣ ለቅሶ ይደረሳል። ስለዚህ በሳምንት አንድ ምሽት ምንም ሳይመደብበት መተው አለበት፤ ያልተሠራው የሚሠራው በዚያ ነው። ይህ ክፍት ምሽት የሌለው ፕሮግራም መብራት በጠፋ በመጀመሪያው ቀን ይፈርሳል፤ ልጁም ከዚያ በኋላ ዞር ብሎ አያየውም።

የሌሊቱ 10 ሰዓት ጥናት በየቤቱ ሲሞገስ እሰማለሁ። በጊዜ ተኝቶ ለሚነሳ ልጅ መልካም ነው፤ እኩለ ሌሊት ተኝቶ በ10 ሰዓት የሚነሳው ግን አራት ሰዓት ብቻ ስለሚተኛ፣ በሌሊት ያተረፈውን ጠዋት ክፍል ውስጥ እያንቀላፋ ይመልሰዋል። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሥራው፣ የተጠና ነገር በፍጥነት የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት መሆኑን፣ ከዚያ በኋላ የመርሳቱ ፍጥነት እየቀነሰ እንደሚሄድ አሳይቷል። እንደ እኔ ከሆነ፣ በጠዋት ፈረቃ የሚማር ልጅ ምሳውን እንደበላ የዕለቱን ትምህርት ግማሽ ሰዓት ቢከልስ፣ ያንኑ በማግስቱና ከሳምንት በኋላ ቢመለስበት፣ በፈተና ዋዜማ ከሚያድርበት ሌሊት ይልቅ ይጠቅመዋል።

በ2015 መጀመሪያ በዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ የተሰጠውን የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ከተነገረ ወዲህ፣ የማውቃቸው ወላጆች ሁሉ የጥናት ሰዓት ለመጨመር ተጣድፈዋል። የዚያ ውጤት መንስኤ ብዙ ስለሆነ በተማሪው የጊዜ አጠቃቀም ብቻ ማሳበብ ፍርደ ገምድልነት ነው። ሰዓት ከመጨመር በፊት ያለው ሰዓት የት እንደሚሄድ መታየት አለበት፤ በተለይ የሴቶች ልጆች። ወንድምና እህት በአንድ ዓመት ለፈተና በሚቀመጡበት ቤት፣ ሁለቱ አንድ ዓይነት ፕሮግራም ቢያወጡም የእርሷ ምሽት በወጥ፣ በቡናና በዕቃ አጠባ መካከል ተቆራርጦ ያልቃል፤ ውጤት ሲመጣ ግን ሁለቱም እኩል ጊዜ እንደነበራቸው ተቆጥሮ ይነጻጸራሉ። ይህን ልጅቷ ብቻዋን ልታስተካክለው አትችልም። እናትና አባት ከልጆቹ ጋር ተቀምጠው የቤቱን ሥራ በየቀኑ ማን እንደሚሠራ ይደልድሉ፤ በድልድሉም ውስጥ የወንድምየው ስም ይግባ።